ከዩሪያ የተሠራ ካርቦን ናይትራይድ ሃይድሮጂን አልሰጥ አለን፤ ጥፋቱ የዱቄቱ ነው ወይስ የመብራቱ?

ላብ_ጀማሪ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አዲስ አበባ ሆነን፣ በፀሐይ ብርሃን ከውሃ ሃይድሮጂን የሚያወጣ ፎቶካታሊስት (ብርሃን ተቀብሎ ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ቁስ) ላይ ለማስተርስ ጥናት እየሠራን ነው። የመረጥነው ግራፊቲክ ካርቦን ናይትራይድን ነው። ከዩሪያ ይሠራል፣ እቶን አለን፣ ውድ ጥሬ ዕቃ አይፈልግም። አሠራራችንን እንዳለ ላስቀምጥና የቱ ጋ እንደተበላሸ ንገሩን።

10 ግራም ዩሪያ ክዳን ባለው የአሉሚና ክሩሲብል አድርገን፣ በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመርን፣ 550 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 3 ሰዓት አቆየነው። 0.4 ግራም ገደማ ፈዛዛ ቢጫ ዱቄት ወጣ። ኤክስአርዲው (ክሪስታልን በኤክስሬይ የሚመረምረው መሣሪያ) ላይ ትልቁ ፒክ 27.4 ዲግሪ፣ ትንሹ 13 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚህ 50 ሚሊግራም ወስደን በ90 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃና በ10 ሚሊ ሊትር ትራይኤታኖልአሚን (ኤሌክትሮን ሰጪ ፈሳሽ) በተንነው፤ በክብደት 1 በመቶ ፕላቲነም እንዲሆን ክሎሮፕላቲኒክ አሲድ ጨመርን። ዕቃው በጠቅላላ 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ በጎማ ክዳን የሚዘጋ ፍላስክ ነው። አርጎን ለ10 ደቂቃ ነፋንበት። መብራቱ ከመርካቶ የተገዛ ባለ 50 ዋት ነጭ የኤልኢዲ ፓውዛ ነው። ጋዙን በጂሲ (ጋዞችን ለያይቶ በሚለካ መሣሪያ)፣ በቲሲዲ ዲቴክተር እንለካለን፤ ተሸካሚው ጋዝ ሂሊየም ነው።

4 ሰዓት አብርተን የሃይድሮጂን ፒክ የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዴ ፒኩ በሚጠበቅበት ደቂቃ ላይ ወደ ታች የተገለበጠች ትንሽ ነገር ትታያለች። "ዱቄቱን ናኖሺት (በናኖሜትር የሚለካ ስስ ንጣፍ) አድርጉት፣ የገጽ ስፋቱ ሲጨምር ይሠራል" ተብለናል። እውነት መፍትሔው እሱ ነው? ፕላቲነሙም እያለቀብን ስለሆነ ምትክ ካለ ጠቁሙን።


ጋዝ_ለካሚ

ዱቄቱን ለጊዜው አትንኩት። ከጻፋችሁት ውስጥ ሁለት ነገሮች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ውጤቱን ዜሮ ሊያስመስሉት ይችላሉ፤ ሂሊየሙና ፓውዛው።

ቲሲዲ ጋዝን የሚለየው ከተሸካሚው ጋዝ ጋር ባለው የሙቀት አስተላላፊነት ልዩነት ነው። ሙቀት በማስተላለፍ ከጋዞች ሁሉ አንደኛው ሃይድሮጂን፣ ተከታዩ ሂሊየም ነው። ስለዚህ ሂሊየም ውስጥ የገባ ጥቂት ሃይድሮጂን ለዲቴክተሩ ከሌለ አይለይም፤ ከታየም ተገልብጦ ነው የሚታየው። ያቺ ወደ ታች የወረደችው ፒክ ሃይድሮጂናችሁ ራሱ ልትሆን ትችላለች።

ተሸካሚውን ወደ አርጎን ቀይሩ። ስትቀይሩ ግን መጀመሪያ የፊላመንቱን (ዲቴክተሩ ውስጥ ያለውን የሚግል ሽቦ) ከረንት ዝቅ አድርጉ። አርጎን ከፊላመንቱ ላይ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ደካማ ነው፤ ለሂሊየም የተስተካከለው ከረንት እንዳለ ከቀረ ሽቦው ግሎ ይበጠሳል። ለአርጎን የሚፈቀደው ከፍተኛ ከረንት በመሣሪያው መመሪያ ላይ አለ። ጋዙ መፍሰሱን ሳታረጋግጡ ፊላመንቱን አታብሩ። ከዚያ ፖላሪቲውን (የፒኩን አቅጣጫ) ገልብጡ፤ በአርጎን ጊዜ ሃይድሮጂን፣ ኦክሲጂንና ናይትሮጂን ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚወጡ ንባቡ ይቀላል። ኮለሙ (ጋዞቹ የሚለያዩበት ቱቦ) 5ኤ ሞለኪውላር ሲቭ ይሁን። ኦክሲጂንና ናይትሮጂን መለያየት ካቃታቸው ኮለሙ እርጥበት ጠግቧል፤ ከዲቴክተሩ ነቅላችሁ ደረቅ አርጎን እያሳለፋችሁ 250 ዲግሪ አካባቢ አሳድሩት።

አርጎን መንፋታችሁ ትክክል ነው። በናይትሮጂን ብትነፉ ኖሮ የውጭ አየር ቢገባ በምን ታውቁ ነበር? አሁን ግን የናይትሮጂን ፒክ ከሰዓት ሰዓት ካደገ ክዳኑ ያስገባል ማለት ነው። 10 ደቂቃው ግን አይበቃም። ረጅም መርፌ እስከ ፈሳሹ ሥር አስገብታችሁ፣ መውጫውን በአጭር መርፌ ከላይ ከፍታችሁ፣ እያማሰላችሁ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ንፉ። የቀረ ኦክሲጂን ሁለት ጊዜ ይጎዳችኋል። ኤሌክትሮኑን ለሃይድሮጂን ከመድረሱ በፊት ይነጥቃል፤ የተገኘውንም ሃይድሮጂን ፕላቲነሙ ላይ መልሶ ውሃ ያደርገዋል።

ወደ ፓውዛው እንምጣ። ነጭ ኤልኢዲ ማለት 450 ናኖሜትር አካባቢ የሚያበራ ሰማያዊ ቺፕ ላይ ቢጫ ፎስፈር የተቀባበት ነው። ካርቦን ናይትራይድ 2.7 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ባንድ ጋፕ (ብርሃን ለመምጠጥ የሚያስፈልግ ዝቅተኛ የፎቶን ጉልበት) ስላለው ከ460 ናኖሜትር በላይ ያለውን ብርሃን አይበላም ማለት ይቻላል። ከፓውዛው የሚወጣው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሁሉ ለእናንተ ማሞቂያ ነው። ሰማያዊው ደግሞ የመምጠጡ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ እዚያ ላይ ዱቄቱ ብርሃኑን የሚመጠው በደካማው ነው። ባለ 405 ወይም 395 ናኖሜትር ኤልኢዲ ፈልጉ። የዩቪ ማጣበቂያና ሬዚን ማድረቂያ መብራቶች ብዙዎቹ በዚህ ክልል ናቸው። መነጽር ግዴታ ነው፤ 395 ናኖሜትር ሲያዩት ደብዛዛ ሐምራዊ ስለሚመስል ሰው ይዘናጋበታል።

አንድ ጥያቄ፦ ካበራችሁ በኋላ ዱቄቱ ግራጫ ሆኗል? ፕላቲነሙ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ብረት ሆኖ ዱቄቱ ላይ ካረፈ ቢጫው ወደ ግራጫ ይሄዳል። ቢጫ እንደሆነ ከቀረ፣ ፕላቲነሙ ገና ውሃው ውስጥ ጨው ሆኖ ነው ያለው። ያኔ እስካሁን የሠራችሁት ያለ ኮካታሊስት (ዱቄቱን የሚያግዝ ብረት) ነበር ማለት ነው፤ ባዶ ካርቦን ናይትራይድ ደግሞ ብርሃኑ ጥሩ ቢሆን እንኳ ሃይድሮጂን የሚሰጠው በጣም ጥቂት ነው።


እቶን

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የናኖውን ጥያቄ ልመልስ፤ ምክንያቱም "ናኖ አድርጉት" የሚለው ምክር እንደ በርበሬ በየወጡ ይነሰነሳል።

ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ሲገባ ኤሌክትሮንና ሆል (ኤሌክትሮኑ ትቶት የሄደው ባዶ ቦታ) ይፈጠራሉ። ሁለቱ ገጽ ላይ ደርሰው ሥራ ካልሠሩ፣ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ፤ ያገኙት ጉልበትም ሙቀት ወይም ደካማ ብርሃን ሆኖ ያልቃል። ቅንጣቱ ሲቀጥን የሚጓዙት መንገድ ያጥራል፤ ናኖ የሚጠቅመው በዚህ ነው። የገጽ ስፋት መጨመሩም ኮካታሊስቱ በደንብ ተበትኖ እንዲቀመጥ ይረዳል። ነገር ግን ገጽ ሲበዛ የገጽ ጉድለትም ይበዛል፤ ጉድለት ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ወጥመድ ነው። ሌላው ባንድ ጋፑ ይሰፋል። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ካርቦን ናይትራይዱን አየር ውስጥ እንደገና በማሞቅ ወደ ናኖሺት ሲያሳንሰው የገጽ ስፋቱ በግራም 306 ካሬ ሜትር ደረሰ፤ ባንድ ጋፑ ግን ከ2.77 ወደ 2.97 ኤሌክትሮን ቮልት ወጣ። በሞገድ ርዝመት ሲሰላ ከ447 ወደ 417 ናኖሜትር ነው። እንግዲህ 450 ላይ በሚያበራ ፓውዛ ፊት ናኖሺት ብታደርጉት ኖሮ ያላችሁንም ታጡ ነበር።

ደግሞ ከዩሪያ የሠራችሁት በራሱ ቀጭን ነው። ከሜላሚን ብትሠሩ ከ10 ግራም ግማሽ ያህሉ ይተርፋል፤ ግን ጥቅጥቅ ያለ፣ በግራም 10 ካሬ ሜትር አካባቢ ብቻ ገጽ ያለው ይሆናል። ዩሪያ ግን 10 ግራሙ 0.4 ሲቀር ሌላው 9.6 ግራም ጋዝ ሆኖ ወጥቷል። ያ ጋዝ ነው ንጣፎቹን እየነፋ ያራራቃቸው። ምርቱ ማነሱ እንከን አይደለም፤ የምትፈልጉትን መልክ የሰጣችሁ እሱ ነው። በ2014 ከዩሪያ በተሠራ ካርቦን ናይትራይድ 400 ናኖሜትር ላይ 26.5 በመቶ የኳንተም ቅልጥፍና (ከገቡት ፎቶኖች ሥራ ላይ የዋሉት ድርሻ) ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ቁሱ አያሳፍርም።

ካሻችሁ አሠራሩን እንዲህ አጥብቁት። ክሩሲብሉን ከግማሽ በላይ አትሙሉ፤ ዩሪያ 133 ዲግሪ ላይ ቀልጦ ከዚያ በላይ አረፋ ሆኖ ይነሳል፣ ክዳኑንም ይገፋል። ክሩሲብሉን ከነክዳኑ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉት፤ ፎይሉ እስከ 660 ዲግሪ አይቀልጥም፣ ጋዙ ግን ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ከ550 አትለፉ፤ ከ600 በላይ ቁሱ ራሱ መበስበስ ይጀምራል፣ ክሩሲብሉን ባዶ አድርጎ የሚጠብቃችሁም ያኔ ነው። ነጭ ሆኖ ከወጣ ሙቀቱ አንሷል፤ ቡናማ ከሆነ አንድ ቆሻሻ ገብቷል ወይም ሙቀቱ አልፏል። በመጨረሻ በ0.1 ሞላር ናይትሪክ አሲድ፣ ከዚያ ውሃው ገለልተኛ እስኪሆን ታጥቦ 60 ዲግሪ ላይ ይደርቃል። አሲዱ የተጣበቀውን አሞኒያ ያነሳል።

የሚወጣው ጋዝ አሞኒያና አይሶሳያኒክ አሲድ ነው። እቶኑ ጭስ ማውጫ ከሌለው ክፍሉ ውስጥ ሰው አይቀመጥ። አይሶሳያኒክ አሲዱ ሲቀዘቅዝ እቶኑ በር ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይቀመጣል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ በደረቁ አትፈቅፍቁት።


ላብ_ጀማሪ

በጣም እናመሰግናለን። ዱቄቱ ግራጫ አልሆነም፣ ቢጫ እንደሆነ ነው ያለው! 405 ናኖሜትር ኤልኢዲ አዘናል። እስከዚያ ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ለማዳበሪያ የሚመጣውን ዩሪያ መጠቀም ይቻላል? ሁለተኛ፣ ጂሲው እስኪስተካከል "በሜትሊን ብሉ (ሰማያዊ ማቅለሚያ) ፈትኑት፣ ቀለሙን ካጠፋ ሃይድሮጂንም ይሰጣል" የሚሉን አሉ።


እቶን

የማዳበሪያው ይሠራል፣ ግን እንዳለ አይደለም። እንዳይጣበቅ የሚደረግበት ልባስና ባይዩሬት (ዩሪያ ሲሞቅ የሚፈጠር ውህድ) አለው፣ አቧራውም ብረት ሊይዝ ይችላል። 100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ 60 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ 200 ግራም ዩሪያ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀት ስለሚስብ ቢከሩ ውጪው ላይ እስኪያልበው ይቀዘቅዛል፤ አልሟሟ ያለ መስሏችሁ እሳት አትጨምሩ፣ መልሶ 60 እስኪደርስ ጠብቁ። መፍላት የለበትም። ትኩሱን በማጣሪያ ወረቀት አሳልፉና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። 20 ዲግሪ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ የሚይዘው 108 ግራም ገደማ ስለሆነ ግማሹ ያህል መርፌ መርፌ የሚመስል ክሪስታል ሆኖ ይወርዳል። እሱን በጥቂት በረዷማ ውሃ አለቅልቃችሁ አድርቁ። የተረፈውን ፈሳሽ ለጓሮ አትክልት፣ በደንብ አቅጥናችሁ።


ኤሌክትሮን_ቆጣሪ

ሜትሊን ብሉን ተዉት። ቀለሙ ራሱ ብርሃን ይበላል፣ 664 ናኖሜትር ላይ ነው ከፍተኛው፤ ተነሳስቶ ኤሌክትሮኑን ለካታሊስቱ ይሰጥና በዚያው ራሱ ይፈርሳል። ካታሊስቱ ብርሃን ባይበላም ቀለሙ ይጠፋል ማለት ነው። ሌላው፣ ቀለም ለማጥፋት ኦክሲጂን ረዳት ነው፣ ለሃይድሮጂን ግን ጠላት። ቀለም ያጠፋ ሁሉ ሃይድሮጂን ቢሰጥ ኖሮ ይኼ ዘርፍ ድሮ ባለቀለት።

እኔ ስለ ቁጥሩ ልናገር፤ ሪፖርት ላይ የሚያስጥላችሁ እሱ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። መማሪያ መጻሕፍት 101.3 ብለው ነው የሚሰሉት። 25 ዲግሪ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ጋዝ በባሕር ወለል 40.9 ማይክሮሞል ሲሆን እናንተ ጋ 31 ብቻ ነው። ፍላስካችሁ ከፈሳሹ በላይ 50 ሚሊ ሊትር ባዶ ቦታ አለው፤ በውስጡ ያለው ጠቅላላ ጋዝ 1,550 ማይክሮሞል እንጂ 2,045 አይደለም። ጂሲው "ሃይድሮጂን 1 በመቶ" ካላችሁ 15.5 ማይክሮሞል ነው። ይህን ያላስተካከለ ሰው ውጤቱን 30 በመቶ ያህል አሳብጦ ይጽፋል፣ ያውም ሳያውቀው። ባሮሜትር ከሌለ ግፊቱን የሚለካ ሴንሰር ያለው ስልክ ይበቃል፤ የአየር ትንበያ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ግን አትውሰዱ፣ እሱ ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ነው።

"በግራም በሰዓት ይህን ያህል ማይክሮሞል" የሚለው አጻጻፍ ደግሞ ያታልላል። 50 ሚሊግራም በሰዓት 20 ማይክሮሞል ቢሰጥ በግራም 400 ነው። ዱቄቱን ወደ 10 ሚሊግራም ብትቀንሱትና 10 ማይክሮሞል ብቻ ቢሰጥ በግራም 1,000 ይሆናል። ሃይድሮጂኑ በግማሽ ቀንሶ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ አደገ! ስለዚህ መጀመሪያ ዱቄቱን 10፣ 25፣ 50፣ 100 ሚሊግራም እያደረጋችሁ ለኩ። ምርቱ መጨመሩን ያቆመበት ላይ ብርሃኑ በሙሉ ተመጧል፤ ከዚያ ወዲያ በግራም ማካፈል ትርጉም የለውም።

የሚያነጻጽር ሰው የሚፈልገው የኳንተም ቅልጥፍናን ነው። ምሳሌ ልስጥ። 405 ናኖሜትር ኤልኢዲያችሁ ፍላስኩ ላይ በካሬ ሴንቲሜትር 20 ሚሊዋት ቢያሳርፍና የበራው ቦታ 10 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የሚገባው 0.2 ዋት ነው። የአንድ ፎቶን ጉልበት 1240 ለ405 ሲካፈል 3.06 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ወደ ሰዓት ስትመልሱት 2,440 ማይክሮሞል ያህል ፎቶን ይሆናል። ሃይድሮጂን በሰዓት 20 ማይክሮሞል ከወጣ፣ አንድ ሃይድሮጂን ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚፈልግ 40 ለ2,440፣ ማለትም 1.6 በመቶ። ጥሩ ጅምር ነው። በነጭ መብራት ይህ ስሌት አይሠራም፤ የትኛው ፎቶን እንደተቆጠረ አይታወቅምና።

ማነጻጸሪያ ሙከራዎችን አትዝለሉ፦ ያለ ብርሃን፣ ያለ ዱቄት፣ ያለ ትራይኤታኖልአሚን። ሦስቱም ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለባቸው።


ኒኬል_ይሻላል

ስለ ፕላቲነም ምትክ። መጀመሪያ ግን ያላችሁን በቁጠባ ተጠቀሙ። ለ50 ሚሊግራም ዱቄት 1 በመቶ ማለት 0.5 ሚሊግራም ፕላቲነም ነው፤ ስድስት ውሃ ያለው ክሎሮፕላቲኒክ አሲድ 37.7 በመቶው ፕላቲነም ስለሆነ 1.3 ሚሊግራም ጨው ይበቃል። ይህን በየጊዜው መመዘን ዘበት ነው፣ ጨውም እርጥበት ስቦ ይቀልጣል። አንድ ጊዜ በሊትር 1 ግራም ፕላቲነም የሚሆን መፍትሔ አዘጋጁና ጨለማ ውስጥ አስቀምጡ፤ በየሙከራው 0.5 ሚሊ ሊትር በፒፔት። ግማሽ በመቶም ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ከ3 በመቶ ሲያልፍ ብረቱ ራሱ ብርሃኑን ይከልላል።

ኒኬል ለካርቦን ናይትራይድ ይስማማል። የካርቦን ናይትራይድ ኤሌክትሮን ከፍ ያለ ጉልበት ስላለው ኒኬልን ወደ ብረት ለመለወጥ ይተርፈዋል። ስድስት ውሃ ያለው ኒኬል ናይትሬት 20 በመቶው ኒኬል ነው፤ 2.5 ሚሊግራሙ 0.5 ሚሊግራም ኒኬል ይሰጣል። ዱቄቱን ውሃ ውስጥ በሶኒኬተር በትኑ፣ ኒኬሉን ጨምሩ፣ ከዚያ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ በጠብታ እያደረጋችሁ ለጥቂት ሰዓታት አማስሉ። ኒኬል ሃይድሮክሳይዱ ገጹ ላይ ይቀመጣል። ታጥቦ 60 ዲግሪ ላይ ይደርቅ። ሲበራ ከፊሉ ወደ ኒኬል ብረት ይለወጣል፣ ሥራውን የሚጀምረውም ያኔ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰዓት ምርት ዝቅ ብሎ በኋላ ቢጨምር አትደናገጡ። ፕላቲነምን ይተካከላል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ላቡ ውስጥ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ካለ፣ በተለይ ፒ25 የሚባለው፣ ከመዳብ ጋር መሞከር ትርፍ አለው። 50 ሚሊግራም ዱቄት፣ 1.9 ሚሊግራም ሦስት ውሃ ያለው መዳብ ናይትሬት፣ 80 ሚሊ ሊትር ውሃና 20 ሚሊ ሊትር ሜታኖል። ብርሃኑ 365 ናኖሜትር መሆን አለበት። ሲሠራ ዱቄቱ ወደ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ወይም ግራጫ ይለወጣል፤ ክዳኑ ሲከፈት መዳቡ አየር አግኝቶ ቀለሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ቀለሙን በመስታወቱ በኩል እዩት እንጂ ለማየት ብላችሁ አትክፈቱ። የጂሲ መስመራችሁ እንደሚሠራ ለማረጋገጥ ከዚህ የቀለለ ርካሽ ሙከራ አላውቅም።


ባለ_ፀሐይ

ሰዎች፣ ትራይኤታኖልአሚንና ሜታኖል የገባበትን "ውሃ ሰነጠቅን" አትበሉ። ሆሉን እነሱ ናቸው የሚበሉት፤ ትራይኤታኖልአሚን ደግሞ ከኤትሊን ኦክሳይድና ከአሞኒያ የሚሠራ የነዳጅ ኢንዱስትሪ ውጤት ነው። ይህ የኤሌክትሮኑን ወገን ለመፈተን ጥሩ ዘዴ ነው፣ ንጹሕ ኃይል ግን አይደለም። ከፀሐይ ወደ ሃይድሮጂን የሚለው የቅልጥፍና መቶኛ የሚጻፈው ኦክሲጂኑም አብሮ፣ ሁለት ለአንድ ሆኖ ሲወጣ ብቻ ነው።

የዘርፉ መነሻ የጃፓናውያኑ የፉጂሺማና የሆንዳ የ1972 ሥራ ነው፤ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሮድ ላይ ብርሃን አብርተው ውሃ ሰነጠቁ። የዚያ ቁስ ችግር ከ400 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለውን ብቻ መብላቱ ነው፤ ከፀሐይ ጉልበት አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ አይሞላም። እስከ 400 ናኖሜትር ያለው ፎቶን አንድ ሳይባክን ቢሠራ እንኳ ጣሪያው 2 በመቶ ገደማ ነው፤ እስከ 600 ቢደርስ ግን 16። ናኖ ቅርጽ ይህን ጣሪያ አያነሳውም። የሚያነሳው ቁስ መቀየር፣ ወይም እንደ ቢስመዝ ቫናዴት ያለ ኦክሲጂን አውጪ ከሃይድሮጂን አውጪ ጋር ማጣመር ነው።

"ቅንጣቱ ይነስ እንጂ ይሻላል" ለሚሉት ደግሞ፣ የጃፓናዊው ተመራማሪ የካዙናሪ ዶመን ቡድን በ2020 ያወጣውን ይመልከቱ። አሉሚኒየም የገባበት ስትሮንቲየም ታይታኔት ከ350 እስከ 360 ናኖሜትር 96 በመቶ የውጭ ኳንተም ቅልጥፍና አሳየ። ቅንጣቶቹ ደቃቅ አልነበሩም፤ በቀለጠ ጨው ውስጥ ያደጉ፣ ጉድለት የሌላቸው፣ ጥርት ያለ ገጽ ያላቸው ክሪስታሎች ናቸው። ኤሌክትሮኑ በአንዱ ገጽ፣ ሆሉ በሌላው ይወጣል። በኤሌክትሮኑ ገጽ ላይ ሮዲየም ክሮሚየም ኦክሳይድ ለብሶ ተቀመጠ፣ በሌላው ኮባልት። የክሮሚየሙ ልባስ ኦክሲጂን ወደ ሮዲየሙ እንዳይደርስ ስለሚከለክል የወጣው ሃይድሮጂን መልሶ ውሃ አይሆንም። ናኖ እዚያ የታየው በኮካታሊስቱ መጠንና አቀማመጥ ላይ ነው እንጂ በዱቄቱ ደቃቅነት አይደለም።

ይኸው ቁስ በ100 ካሬ ሜትር ፓነል ውጭ ተሰቅሎ በ2021 የተዘገበው ከፍተኛ ቅልጥፍና 0.76 በመቶ ነው። ሃይድሮጂኑ ከኦክሲጂን ጋር ተደባልቆ ስለሚወጣ በሜምብሬን መለየት ነበረባቸው፤ ያ ድብልቅ ጋዝ ከ4 በመቶ ሃይድሮጂን ጀምሮ ይፈነዳል። ቁጥሩን ወደ እኛ ሰማይ እናምጣው፦ በቀን 5.5 ኪሎዋት ሰዓት በካሬ ሜትር ብንወስድ 0.76 በመቶው 42 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 1.3 ግራም ያህል ሃይድሮጂን ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚበላ የእንጀራ ምጣድ 42 ዋት ሰዓቱን በ43 ሰከንድ ይጨርሰዋል። በዚያው ካሬ ሜትር ላይ 20 በመቶ ቅልጥፍና ያለው የሶላር ፓነል ብትሰቅሉና በኪሎግራም 52 ኪሎዋት ሰዓት ከሚበላ ኤሌክትሮላይዘር ጋር ብታገናኙት 21 ግራም ታገኛላችሁ። ይህን የምጽፈው ጥናቱን ለማጣጣል አይደለም። የፎቶካታሊስት ተስፋ ፓነሉ ቀላልና ርካሽ በመሆኑ ላይ ስለሆነ፣ ውድ ብረት ሳትጨምሩ 1 በመቶ ማለፍ የሚል ግብ "ናኖሺት ሠራን" ከሚል ርዕስ ይሻላል ለማለት ነው።

ውጭ ፀሐይ ላይ ስትሞክሩ የፓይሬክስ ፍላስክ ይበቃል። ፈሳሹ ግን ይሞቃል፤ ፍላስኩን ግልጽ የውሃ ገንዳ ውስጥ አቁሙት፣ አለበለዚያ ግፊቱ ጨምሮ ጎማው ያፈስሳል፣ የጋዝ ስሌታችሁም ይዛባል። ከማለዳ ይልቅ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ሥሩ፤ ደመና ሲያልፍ ሰዓቱን መዝግቡ።


ላብ_ጀማሪ

አርጎኑን ቀይረናል፣ አሁን ፒኩ ቀና ብሎ ወጣ፤ ለስታንዳርድ ጋዙ (የሃይድሮጂን መጠኑ አስቀድሞ ለሚታወቀው) ማለቴ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ዱቄቱን ደግመን ለመጠቀም ሰብስበን ስናደርቀው ይጣበቃል፣ ሚሊግራሙም ይቀንሳል። ለመደጋገም ሙከራው ትራይኤታኖልአሚን እንጨምር?


ጋዝ_ለካሚ

አትሰብስቡት። በየዙሩ ሴንትሪፉጅ ስታደርጉ ከ50 ሚሊግራም ጥቂቱ ይጠፋና ካታሊስቱ የደከመ ይመስላል። እዚያው ፍላስክ ውስጥ እንዳለ አርጎን 30 ደቂቃ መልሳችሁ ንፉና ሌላ 4 ሰዓት አብሩ፤ ሦስት ዙር እንዲህ ይበቃል። ትራይኤታኖልአሚን አትጨምሩ፤ 10 ሚሊ ሊትሩ 75 ሚሊሞል ገደማ ነው፣ እናንተ በቀን የምትጠቀሙት ማይክሮሞል ነው። ምርቱ ከወረደ ምክንያቱ ሌላ ነው። በመጀመሪያ የፍላስኩን ግድግዳ ከውሃው መስመር በላይ እዩት፤ ማማሰያው ሲፈጥን ዱቄቱ ወደዚያ ተረጭቶ ይደርቃል፣ ከፈሳሹ ውጭ ሆኖ ቢበራም ምንም አይሠራም። ፍላስኩን አዙራችሁ አጥባችሁ አውርዱት። ያ ካልሆነ ጥቂት ፈሳሽ ሴንትሪፉጅ አድርጉና ከላይ የቀረውን ውሃ እዩ፤ ግራጫ ካለው ፕላቲነሙ ከዱቄቱ ተላቋል፣ ከሚቀጥለው ዝግጅት በፊትም አሲድ እጥበቱን ደግማችሁ ሥሩት።